የጋሽ ዳልቻ ጆሮ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አላስረዝምም፤ የተቀመጣችሁበት ሳይሞቅ እጨርሳለሁ።

በአንድ ጫካ ውስጥ ምክር ቤት ነበረ። ንጉሡ አንበሳ ነው፤ ግን ብቻውን አይወስንም። መጀመሪያ ይወስንና ከዚያ ምክር ቤቱን ይጠይቃል። ድምፅ የሚሰጠው በጆሮ ነው። የደገፈ ጆሮውን ያቆማል፣ የተቃወመ ይጥላል። ዝሆን ጆሮው ስለሚከብደው በታዛቢነት ብቻ ይቀመጣል። ጆሮዋ የተንጠለጠለ ፍየልማ ለምርጫም አትቀርብ፤ ስትወለድም ተቃዋሚ ናት። እንቅልፍ የጣለውም ጆሮው ስለሚወድቅ እንደተቃወመ ይቆጠራል። የበሬዎቹ ተወካይ ገና ቁጭ ሲል ስለሚያንቀላፋ፣ ቆጣሪዋ ጦጣ በቀንበጥ ወጋ ወጋ እያደረገች ትቀሰቅሰዋለች።

የአህዮቹ ተወካይ ጋሽ ዳልቻ ነው። ከእሱ ጋር የገቡት አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዳንዶቹ ተበልተዋል፤ እሱ አለ። መጀመሪያ ጆሮውን ያቆመው ፈርቶ ነበር። ቀጥሎ ለጨው ብሎ ነው፤ አባላት ከስብሰባ በኋላ ጨው ይልሳሉ። በኋላ በኋላ ግን እንዲያው ለምዶት። ጦጣዋ ደግሞ ቁጥር ይጠፋባትና እንደገና ስለምትጀምር፣ ጆሮን አቁሞ መቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አሁን አሁን ጋሽ ዳልቻ ቤቱ ተኝቶም ጆሮው እንደቆመ ያድራል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይገባበታል። እሱ የክብር ምልክት ነው ብሎ ይኮራበታል።

አንድ ክረምት ላይ አያ ጅቦ የአህዮቹን ምንጭ ካልጠበቅኩ ብሎ አመለከተ። ለአህዮቹ ደህንነት አስቦ ነው አሉ። ከጥንት የመጣ አንድ ሕግ አለ፤ የአንድ መንጋ ምንጭ ለሌላ የሚሰጠው የዚያው መንጋ ተወካይ ከደገፈ ብቻ ነው። አንበሳው ይህን ሕግ አልሻረውም፤ አስቸግሮት አያውቅማ።

አህዮቹ ተሰበሰቡ። የጋሽ ዳልቻ ታላቅ እህት አመዴ ፊቱ ቆመች።

"አንተ ዳልቻ፣ እስከዛሬ ስላቆምከው ጆሮ አልጠይቅህም። የዛሬውን ብቻ ጣልልን። ውርንጭሎቹ ሌላ የሚጠጡበት የላቸውም።"

"እትዬ ሙቺ፣ እጥለዋለሁ" አለ። ከልቡ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲፎክር ሄደ።

ምክር ቤቱ ሞልቷል። አያ ጅቦ ከእንግዶች ጋር ተቀምጦ ከንፈሩን ይልሳል። አፈ ጉባኤው ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገና "የሚደግፍ ጆሮውን ያቁም" አለ። ጦጣዋ በሬውን ወጋች፤ በሬው ነቃ፤ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አቆመ።

ጋሽ ዳልቻ ጆሮውን ጣለ። የጣለ መሰለው። ደረቱም ሞቀው፤ ለካ እምቢ ማለት እንዲህ ደስ ይላል ብሎ አሰበ። ቀና ብሎ ሲያይ ግን አያ ጅቦ ፈገግ ብሎለታል። መሬት ላይ ጥላውን አየ። ሁለቱ ጆሮዎች እንደ አጥር ቋሚ ተገትረዋል።

ታገለ። ራሱን ነቀነቀ። ጆሮው አብሮ ተወዛወዘና ተመልሶ ቆመ።

"የተከበሩ ዳልቻ በደስታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው" አለ ቀበሮ።

ጋሽ ዳልቻ ጆሮውን በበሬው ጎን ላይ ያሽ ጀመር።

"ምነው ጋሼ፣ አሳከከህ?" አለው በሬው።

"አልታጠፍ አለኝ እኮ።"

"ምኑ?"

ጋሽ ዳልቻ ወደ ቀበሮው ዞረ። "አፈ ጉባኤ፣ እኔ እኮ አልደገ..." ብሎ ጀመረ።

"የተከበሩ፣ በዚህ ቤት ድምፅ የሚሰጠው በጆሮ ነው፤ በአፍ አይደለም። ይህንን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።"

እውነቱን ነው፤ ደንቡ ሲጸድቅ ጋሽ ዳልቻም ጆሮውን አቁሞ ነበር። ጨንቆት አናፋ። ቤቱ አጨበጨበለት። ጦጣዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ሳይጠፋባት ጨረሰች፦ በሙሉ ድምፅ።

ሲወጣ አያ ጅቦ ደጃፉ ላይ ጠበቀው። "ጋሽ ዳልቻ፣ ውለታዎን አንረሳም" አለው። "ቤትዎንም እናውቀዋለን።"

ጨውም ሳይልስ ተመለሰ። አህዮቹ ምንጩ ዳር ይጠብቁት ነበር። ውርንጭሎቹ ውሃው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። የሆነውን አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። ማንም አልተቆጣም። እናቶች ውርንጭሎቻቸውን ከውሃው እያወጡ ወደ ላይ ይዘዋቸው ሄዱ። አመዴ ብቻ ቀረች።

"በሬው ዛሬም ተኝቶ ነበር?" አለችው።

"እሱማ መቼ ነቅቶ ያውቃል፤ ጦጣዋ ናት የምትቀሰቅሰው።"

"አንተስ? ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ቤት እንቅልፍ ጥሎህ አያውቅም?"

"አንድም ቀን" አለ፤ በዚያ ሐዘን መሃል እንኳን ትንሽ ኮራ ብሎ።

አመዴ ጆሮዎቹን ቀና ብላ አየቻቸው።

"ተኝተህ ብትኖር ኖሮ ዛሬ ውሃ ይኖረን ነበር" አለችው።