ፈጣን ናት የተባለችው መኪና

አንዲት ባሏ የሞተባት መካኒክ ነበረች። ባሏ የተወላትን ባለ ሁለት በር አሮጌ ትንሽ መኪና ሁለት ዓመት ለፍታ ትልቅ ሞተር ገጠመችላት፤ ሰፋፊ ጎማ አሰረችላት፤ ቀይ ቀለምም ቀባቻት። ከዚያ ሸጣት የራሷን ጋራዥ ልትከፍት ስላሰበች መስታወቷ ላይ «የምትሸጥ ፈጣን መኪና» ብላ ለጠፈች።

የከተማው የትራንስፖርት ኃላፊ አቶ ባንትይርጉ መኪናዋን አይተው ልባቸው ከጀላት። በነጻ ሊወስዷት ፈልገው ሁለት ፖሊሶች አስከትለው መጡና ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቋት።

«ይቺ መኪና በእርግጥ ፈጣን ናት? ፈጣን ከሆነች ያለ ፈቃድ ሞተር ቀይረሻልና ትወረሳለች። ፈጣን ካልሆነችም በውሸት ማስታወቂያ ሕዝብ አታለሻልና ትወረሳለች። ተናገሪ!»

ሴትዮዋ የእጇን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገች እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ እኔ ስነዳትማ ፈጣን አይደለችም፤ ትራፊክ ፖሊስ ባየች ቁጥር ቀጥ ትላለች። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እርስዎን ለመሰለ ገዢ ነው። እርስዎ ከነዷት ማን ደፍሮ ያስቆማታል?»

መጀመሪያ ሳቃቸው ያመለጣቸው ሁለቱ ፖሊሶች ነበሩ። አቶ ባንትይርጉ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ መኪናዋም በዚያው ሳምንት ተሸጠች።