መረቡን ቸኩሎ የፈታው አምበል

በእኛ በሐይቅ ዳሩ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ያሸነፈ ቡድን ወዲያው አይጨፍርም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀለበቱ ሥር ዝም ብሎ ይቆማል። ዳኛው ለማረጋገጫ ሁለተኛ ፊሽካ ሲነፋ ነው መረቡን ፈትቶ ወደ ሐይቁ የሚሮጠው። አዲስ ተማሪ ጸሎት ይመስለዋል። ጸሎትስ አይደለም፤ አንድ አባባል አለን፣ እሱ ያመጣው ነው። ለአባባሉ ደግሞ ምክንያቱ ማርክነህ ነው።

ማርክነህ የቡድኑ አምበል ነበር። ቁመቱ፣ ሳልዋሽ፣ ደመና ሲያልፍ ጎንበስ ይል ነበር። ተመራቂ ነው፤ ግን አንድም ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። ለመጨረሻው ግጥሚያ የቀለበቱ መረብ በስብሶ ስለነበር አሣ አጥማጁ አባባ ኦይቻ ከራሳቸው መረብ ቆርጠው ሰጧቸው።

«ካሸነፋችሁ ፈትታችሁ አምጡልኝ፤ በእሱ አጥምጄ አበላችኋለሁ።»

«ከተሸነፍንስ አባባ?» አለ ማርክነህ።

«የካፌው ሽሮ አለላችሁ።»

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የእኛ ልጆች በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። ኳሷ ወጥታ ሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ውስጥ ገባች፤ ዳኛው ሊፈልጋት ሄደ። ጀምበር ሐይቁ ላይ ጋደም ብላለች፣ ጉም ሜዳውን አልብሶታል፣ ሁሉ ነገር እንደ ሕልም ቀስ ብሏል። ማርክነህን አሣው ሸተተው። መረቡን ሊፈታ የጓደኛው የታደለ ትከሻ ላይ ወጣ።

«ኧረ ሰውዬ፣ አላለቀም እኮ» አለ ታደለ ከታች።

«አልቋል። አንተ ብቻ አትነቃነቅ።»

ዳኛው ኳሷን ለእንግዶቹ ሲሰጥ በጉሙ ምክንያት ማርክነህን አላየውም። ከእንግዶቹ አንዱ፣ አጭሩ ልጅ፣ ከሜዳው ማዶ ወረወራት። ኳሷ ጉሙ ውስጥ ገብታ ቆየች፤ የሐይቁ ወፎች፣ ሻላዎቹ ሳይቀሩ፣ አንገታቸውን አዙረው ጠበቋት። ማርክነህ ስትመጣ አያት። አንድ እጁን ቢዘረጋ ይመልሳት ነበር፤ ሁለቱም እጆቹ ግን የፈታውን መረብ ይዘዋል። በባዶው ቀለበት አልፋ መረቡ ውስጥ ዱብ አለች። ፊሽካው ያን ጊዜ ተነፋ።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አለ ዳኛው ቀረብ ብሎ።

«ኳስ ነው» አለ ማርክነህ።

«እንግዲያው ገብታለች።»

አባባ ኦይቻ ታንኳቸውን ትተው መጡ። መረቡን ከእጁ ተቀበሉ፣ ኳሷን አውጥተው እንደ ትልቅ አሣ በእጃቸው መዘኗትና፣ «አይዞህ ልጄ፣ እኔንም ስንቱ አሣ አምልጦኛል፤ ግን ፊሽካ ሳይነፋ መረብ አይፈታም» አሉት።