አንጁሎ ያልነቀለው ቀለበት

አንድ መካኒክ ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ። ከተራራው ሥር ባለችው ከተማ ጋራዥ ነበረው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበር። ስሙ አንጁሎ ነው። የጠገነውን መኪና ቦኔቱ ላይ እጁን ጭኖ ሳይጸልይ አይለቅም። ሾፌሮቹ ይህን ይወዱለታል። «የጋሽ አንጁሎ እጅ ያረፈባት መኪና ገደል አታውቅም» ይላሉ።

አንድ ቀን ፎላ የሚባል ወጣት ሾፌር አሮጌ ፎር ዊል መኪናውን ይዞ መጣ። የፊት እግሯ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ተራራው ላይ ያለው የፎላ ቀበሌ ከእርሷ ሌላ መኪና የለውም፤ በሽተኛውንም ወላዷንም የምታወርድ እርሷ ናት። የፎላም ሚስት እርጉዝ ነበረች።

አንጁሎ ጎማውን ያዝ አድርጎ ነቀነቀው። «ኩሽኔታው አልቋል። ወዲህም ወዲያም ያለውን እንቀይራለን» አለ።

ፎላ ገዝቶ አመጣ። አንጁሎ መኪናዋን በክሪክ አነሳት፤ ጎማዎቹን አወረደ፤ አሮጌውን ግራሶ፣ ያን ወፍራም የመኪና ቅባት፣ በናፍጣ አጠበ።

እናንተ መኪና የማታውቁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሚሽከረከረው ኩሽኔታ አለ፤ ኩሽኔታው የሚሽከረከርበት ቀለበት ደግሞ አለ። ቀለበቱ ጎማው በሚታሰርበት ብረት ውስጥ ጥብቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ዙሪያውን በዘንግና በመዶሻ እየተመታ ነው የሚነቀለው። አዲስ ኩሽኔታ ከነአዲስ ቀለበቱ ይመጣል። ሁለቱ አብረው ይገባሉ።

የግራው ቀለበት ወጣ። የቀኙ እምቢ አለ። አንጁሎ መታው፤ ደግሞ መታው። በጣቱ ሲዳስሰው ሻከረው፤ ተበልቷል። የጸሎት ሰዓት ደርሷል፤ ጸሎቱን የሚመራው ደግሞ እርሱ ነው። ያን ጊዜ ምን አሰበ? ግራሶ ይሸፍነዋል፤ ማን ከፍቶ ያየዋል? ትንሽ ጊዜ ይይዛል። ይህን አሰበ። በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው ነው፤ እንደማይይዝ ያውቃል! አዲሱን ኩሽኔታ በተበላው ቀለበት ላይ ገጠመ፤ ግራሶ ሞላበት፤ ዳዶውን አጠበቀ። አዲሱን ቀለበት መሳቢያ ውስጥ ጣለው።

«ጨረሱ ጋሼ?» አለ ፎላ ከበሩ።

«ጨረስን። ና፣ እንጸልይ።»

እጁን ቦኔቱ ላይ ጫነ። «ጌታ ሆይ፣ ጎማዎቿን ጠብቅ!» ብሎ ጮኸ። ሰማችሁ? ራሱ የተወውን ነገር ጌታ እንዲጠብቅለት ለመነ። ፎላም ከልቡ አሜን አለ።

ወር ሳይሞላ የፎላን ሚስት ምጥ ያዛት። በመኪናዋ ይዟት ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ መካከል ላይ የመኪናዋ የፊት ቀኝ እግር መጮህ ጀመረ፤ ጨሰ፤ ከዚያም ጎማው ቀጥ አለ። ሴቲቱን በቃሬዛ አወረዷት። ሕፃኑ መንገድ ላይ ተወለደ። አላለቀሰም።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዡ ገባች። ፎላ ከአንጁሎ ራስ በላይ ቆሞ ጎማውን አስፈታው። ሙቀት ያጠቆረው የድሮው ቀለበት ተቀምጦበታል። አንጁሎ አየው። ፎላም አየው።

«ልጄ» አለ አንጁሎ፣ «ምን ይደረጋል። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።»

ፎላ እስከዚያች ቀን አንጁሎን አንቱ ሲል የኖረ ልጅ ነው።

«አፍህን ዝጋ!» አለው። «የእርሱን ስም ከዚህ አውጣ! ይህን ብረት እዚህ የተወው እግዚአብሔር ነው? ግራሶ የቀባበት እርሱ ነው? አዲሱ የት አለ?»

አንጁሎ መሳቢያውን ከፈተ። አዲሱ ቀለበት እንደተጣለ አለ።

«አሁን ንቀለው። እያየሁህ ንቀለው።»

አንጁሎ ዘንጉን ደግኖ መምታት ጀመረ። እጁ ይንቀጠቀጣል። በዚህ በኩል መታ፤ አዙሮ በዚያ በኩል መታ፤ እንደገና አዞረና መታ። ቀለበቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሻይ የሚፈላበትን ጊዜ ያህል እንኳ አልፈጀም።

«ይወጣ ነበር» አለ ፎላ።

ወገኖቼ፣ በአንጁሎ ላይ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያችኋለሁ። ተዉ!

እናንተ የውሃ ኮሚቴዎች፣ በክረምት መድኃኒቱን ጉድጓዱ ውስጥ ሳትጨምሩ ‹ነገ› እያላችሁ ያለፋችሁት ስንት ጊዜ ነው? ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸው ሲሞቱ ድንኳን ገብታችሁ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ያላችሁ እናንተ አይደላችሁም? እናቲቱስ አንገቷን ደፍታ አልሰማቻችሁም? ሌላው ደግሞ ከወንድሙ ጋር በሽማግሌ ፊት ተቃቀፈ፤ ቂሙን ግን እንዳለ አስቀመጠው፤ ላዩን በፈገግታ ቀባው። ኋላ ቤቱ ሲፈርስ ‹ሰይጣን ገባብን› ይላል። ሰይጣን! ሰይጣን ደግሞ እናንተ ቤት ምን ሥራ ቀረለት?

ጸሎት መልካም ነው። እኔ ጸሎትን ልነቅፍ አልቆምኩም። ግን ጸሎት ግራሶ አይደለም! የተበላውን መሸፈኛ አይደለም! እስከ መቼ ነው የእኛን ስንፍና በእርሱ ስም የምንቀብረው? እስከ መቼ ነው ያዘነውን ሰው ከገዛ አምላኩ ጋር የምናጣላው?

ዛሬ እጅ አልጭንባችሁም። አሜንም አትበሉኝ። እየተበላ መሆኑን እያወቃችሁ የተዋችሁት ነገር አለ፤ እኔ አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሂዱና ንቀሉት። እጃችሁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ንቀሉት፤ የሰው ልጅ መንገድ ላይ ሳይቀር።

ከዚያ በኋላ ኑ፤ አብረን እንጸልያለን።