አያ ጅብ ያልፈታው ቋጠሮ

ኑ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ፣ አውሬውም ከብቱም ባንድ ዛፍ ሥር ሲሟገት፣ እመት ኤሊ የምትባል አሮጊት ነበረች። የአገሩን መሐላ የያዘውን ገመድ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትኖር ነበር። ገመድ ስላችሁ የጭነት ገመድ እንዳይመስላችሁ። የማለ ሁሉ ከገላው ፀጉር ነቅሎ ራሱ ቋጥሮበታል፤ የፍየል ቋጠሮ ጠባብ፣ የአህያ ልል፣ የፈረስ ድርብ። እመት ኤሊ ዓይኗ ቢደክምም፣ በእግሯ ዳሰስ አድርጋ ማን ምን ብሎ እንደማለ አንድ ሳታስቀር ትናገር ነበር።

አንድ ክፉ በጋ ወንዙ ሁሉ ደርቆ አንዲት ምንጭ ብቻ ቀረች። አያ ጅብ ሄዶ ምንጯ ላይ ተጋደመና የመጣውን ጠጪ ሁሉ እንደሚበላ ተናገረ። እመት ኤሊ የልጅ ልጆቿ በጥማት ሲያልቁ ማየት አልቻለችም፤ ዳኛው አንበሳ ፊት ከሰሰችው።

ጅብ ብራና ይዞ ቀረበ። ጦጣን በበቆሎ ደልሎ ያስጻፈው ነው። ብራናው ራሱ አፍ አውጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ምንጯ ከአያት ከቅድመ አያት የጅብ እንደሆነች አነበበ። ከዚያ ወደ ገመዱ ዞሮ፣

«አንተስ ምንህ ይነበባል?» አለው።

ገመድ አፍ የለው። እመት ኤሊ ግን የት ዝም ልትል፤ ለብራናው መለሰችለት።

«አንተ ልጅ፣ ትናንት በግ ሆነህ ስትግጥ አውቅሃለሁ፤ ቀስ በል።»

ሸንጎው ሳቀ። እሷም መዳሰስ ጀመረች። ፍየል፣ በድርቅ ጊዜ ውሃ ላትከለክል ምላለች። አህያም እንደዚያው። ሦስተኛው ቋጠሮ ሻካራ ነው፤ ሽታውም አይጠፋም።

«ይሄ የአያ ጅብ ነው። ‹ውሃ ዳር ጥርሴን ላላሳይ› ብሎ የማለበት።»

ጅብ ፀጉር እንጂ ቃል አይታየኝም አለ። ነፋስ ያመጣው ይሆናል አለ።

«እንግዲያው ፍታው» አለችው። «ምንም ካልተጻፈበት ምን ቸገረህ?»

በዚያ አገር ቋጠሮን የሚፈታው የቋጠረው ብቻ ነው፤ ከፈታ ደግሞ ያፈረሰው መሐላ በልጆቹ ላይ ይወርዳል። ጅብ ጥርሱን አቀረበ፤ መለሰ። ደግሞ አቀረበ፤ መለሰ። በሦስተኛው ጊዜ፣ ዋሻ ውስጥ የተዋቸው ልጆቹ ታወሱትና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጥርሴን ያመኛል» አለ።

«አያ ጅብ፣ አነበብከው እኮ» አለ አንበሳ። «በል ከምንጯ ተነስ።»

ያን ቀን ሁሉም ጠጣ። ብራናውም አፍሮ እመት ኤሊ ሥር ቁጭ አለና ቋጠሮ አስተምሪኝ አላት።

ልጆቼ፣ ቀለም ብቻ አይደለም ጽሕፈት፤ ቃል የሰጠ ሰው አይቶ የሚያፍርበት ነገር ሁሉ ጽሕፈት ነው። ያ ገመድ ዛሬ የት አለ ካላችሁ፣ ማንበብ ያልቻለ ሰው እንጨት አሰረበት። እኔ የሰማሁትን ሰጠሁ፤ እናንተም ሳትሸርፉ አቀብሉ።