እንግዳ የሚጠብቀው ሶፋ

ይህን ታሪክ በማቅረቤ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቁም ነገር የሚፈልግ አንባቢ በአሻንጉሊት ቤት ወሬ ጊዜውን ማጥፋት የለበትም።

አንድ ሻረው የሚባል አናጢ ነበር። የሳሎኑን ሶፋ ከዋንዛ ጠርቦ፣ እግሩን እንደ አንበሳ መዳፍ ቀርጾ የሠራው ራሱ ነው። ሚስቱ የውብዳር ግን ሶፋውን በዳንቴል ሸፍና "ይሄ የእንግዳ ነው" አለች። አለችም፣ ጸናችም። እንግዳ ደግሞ እንደ ልብ አይመጣም። ሻረው ጡረታ ወጥቶ ወገቡን ማመም ሲጀምረው እንኳ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ እየተቀመጠ፣ በበሩ ክፍተት ሶፋውን አሻግሮ ያየው ነበር። "አንድ ቀን ጀርባዬን አስደግፌበት ብሞት ምናለበት?" ይላል በልቡ።

ታዲያ በአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ የእንግሊዝ ቤት ሥዕል አየና ልቡ ተሰረቀ። "እንግዲያው እንደ ልብ የሚቀመጡበት ሳሎን እሠራለሁ" አለ። ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ፊቱ እንደ ቁም ሣጥን የሚከፈት የአሻንጉሊት ቤት ጀመረ። ሾጣጣውን ጣሪያ ከሰርዲን ጣሳ ቆረጠ፤ ባለቀለሙን የመስኮት መስታወት በከረሜላ ልጣጭ ተካው፤ የደረጃውን መደገፊያ በክብሪት እንጨት አቁሞ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ ለሳሎኑም ትንሽ ሶፋና የሚቀመጥበት የአሻንጉሊት ቤተሰብ ቀረጸ። የውብዳርም "ሰው ሲያረጅ አሻንጉሊት ያምረዋል!" እያለች ከጎኑ ተቀምጣ ለአሻንጉሊቶቹ ልብስ ሰፋች። በመጨረሻ ሻረው አባወራውን አሻንጉሊት ትንሹ ሶፋ ላይ እግሩን አስዘርግቶ አስቀመጠና ደስ ብሎት ተኛ።

ሲነጋ ትንሹ ሶፋ ጥፍር የምታክል ዳንቴል ለብሷል። ቤተሰቡ በሙሉ ትንሿ ወጥ ቤት ውስጥ ተፋፍጎ ቆሟል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ማን ነው ያስነሳቸው?"

"እኔ ነኝ። ሲንፈራጠጡበት እያየሁ ዝም ልበል?"

"አሻንጉሊት ናቸው እኮ!"

"ቢሆኑስ? እንግዳ ቢመጣባቸው የት ሊያስቀምጡት ነው?"

"ከየት ነው የሚመጣው?"

የውብዳር ትንሽ አሰበች። "ከእንግሊዝ ነዋ!"

ሻረው መሮውን አነሳና ባርኔጣ የደፋ እንግዳ ቀርጾ ትንሿ በር ላይ አቆመው። የውብዳር ስታየው "ውይ፣ መጡ እንዴ!" ብላ ዳንቴሉን ገፈፈች፤ እንግዳውን ሶፋው ላይ አስቀመጠች፤ "ብቻቸውን አይተዉም" ብላም ቤተሰቡን ከወጥ ቤት አውጥታ ከጎኑ ደረደረች።

ይህን ያየ አናጢ ጊዜ አላጠፋም። ኮቱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ በጓሮ በኩል ዞሮ የገዛ ቤቱን የፊት በር አንኳኳ።

"ማነው?"

"እንግዳ ነኝ።"

የውብዳር በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ልትቆጣ ዳድቷት ነበር፤ ግን በሕይወቷ እንግዳ በር ላይ አቁማ አታውቅም።

"ኧረ በሞቴ ይግቡ!"

ዳንቴሉ ተነሳ። ሻረው ተቀመጠ፣ ጀርባውን አስደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከቡፌው ውስጥ በወጣ ባለወርቅ ጠርዝ ስኒ ሻይ ቀረበለት።

"ባለቤትዎ ደህና ናቸው?" አለች የውብዳር፣ ሳቋን አፍና።

"ደህና ናት። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት እንጂ። ቢጠሩልኝ?"

የውብዳር ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ሽርጧን ፈትታ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ተመለሰችና ከጎኑ ቁጭ አለች። እጇን ዋንዛው ላይ አሳለፈች።

"አንተ፣ ለካ ይመቻል!" አለች።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በገዛ ቤቱ ደልቶት መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ባርኔጣ ይግዛ። ባርኔጣ የሌለው ደግሞ፣ ደህና ደህናውን ሁሉ ላልመጣ ሰው አስቀምጦ አብረውት የሚኖሩትን በርጩማ ላይ ማዋሉ ደግ መሆን አለመሆኑን ያስብበት። እርስዎስ፣ ሳሎንዎ ውስጥ ዛሬ ማን ተቀምጧል?

አደራ፣ ይህን ታሪክ ለማንም እንዳያወሩ። አገር ምድሩ ሶፋው ላይ መቀመጥ ከጀመረ፣ እውነተኛው እንግዳ የመጣ ቀን ምን ይውጠናል?