የባሕሩ ጌታ ቸርነት

አንድ ጊዜ፣ በጥንት ግሪኮች አገር፣ ባሕር በከበባት ደሴት ላይ ዝናብ ጠፋ። እንስሳቱ ዙሪያቸውን ውሃ እያዩ በውሃ ጥም ማለቅ ጀመሩ። እናት አህያ ግን የደረቀውን ወንዝ አሸዋ በኮቴዋ ትቆፍር ነበር፤ ውርንጭላዋ መቆም ተስኖት አጠገቧ ተኝቷል። አሸዋው መርጠብ ሲጀምር ንጉሡ አንበሳ ቀበሮንና ጅብን አስከትሎ ደረሰ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ውሃ እየፈለግሁ ነው፣ ጌታዬ። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ቀበሮ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እሜት አህያ፣ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን እዚሁ ጎረቤታችን እያለ አንቺ አሸዋ ትጭሪያለሽ? ቢሰማ እኮ ይቀየመናል።»

«የእሱ ውሃ ጨው ነው አሉ።»

«ማን አለ?» አላት አንበሳ።

«የቀመሱት።»

«የታሉ?»

«ሞቱ።»

«እንግዲያ ምስክር የለሽም ማለት ነው።»

ጅብም ምራቁን ለመዋጥ ሞክሮ አጣውና፣ «እኔ የምለምነው ብዙ ያለውን ነው። ብዙ ካለው ብዙ ይገኛል» አለ።

ቁፋሮው በአዋጅ ቆመ። ሁሉም ባሕሩ ዳር ወርደው ተንበረከኩ። ፖሲዶን ጢሙ እየተንጠባጠበ ከማዕበሉ ወጣ። በእጁ ባለ ሦስት ጣት መንሽ ይዟል፤ አውድማ የሌለው ጌታ መንሽ ምን ያደርግለታል ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ማንም አልጠየቀም።

«ምን ጎደላችሁ?»

«ውሃ» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ይኼማ ቀላል ነው» አለና መንሹን ወንዙ አፍ ላይ ሰካው። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰነጠቀ፤ ባሕሩም በደረቁ ወንዝ ሽቅብ ገብቶ የአህያን ጉድጓድ ዋጠው።

ጅብ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣና ምላሱን አውጥቶ ቀረ። «ጨው ትንሽ በዛበት» አለ፤ «እስቲ የማወራርድበት ውሃ ስጡኝ።»

ውርንጭላውም አፉን አስነክቶ ተፋው፤ ከዚያ ወዲያ ራሱን ቀና አላደረገም። እናቱ ጉንጩን ላሰችው። እንስሳቱ ሁሉ አለቀሱ።

«ጣፈጣችሁ?» ሲል ፖሲዶን ጠየቀ።

ቀበሮ በደረቀ ጉሮሮው፣ «ጌታዬ፣ ይኸው እንደሚያዩት እንባ በእንባ ሆነናል» አለ።

ፖሲዶን ደስታቸው ልቡን ነካው፤ መንሹን አንስቶ ደገመላቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ ትልቅ ጌታ የሚሰጠው እሱ ያለውን እንጂ እኛ የጎደለንን እንዳልሆነ ነው።