የረውዳ መህር

ይህን ነገር ረውዳ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእናቷም ለእህቶቿም አልነገረች፤ ከባሏ ከሙዘይንማ ዕድሜ ልኩን ደብቃዋለች። አሁን ሙዘይን ወደ አኼራ ሄዷል፤ ምስጢሩን አብረዋት የያዙት ሐጂ ዙበይርም ከእርሱ ቀድመው አልፈዋል። አላህ ሁለቱንም ይማራቸው። የሚከፋው ሰው ስለሌለ ቢነገር ነውር የለውም።

ሐጂ ዙበይር ነጋዴ ከባሕር ወደ ደጋ በሚወጣበት መንገድ ላይ ባለች አንዲት የድሮ ከተማ ይኖሩ ነበር። በዚያ አገር ገበሬ ሲያርስ፣ ግንበኛ መሠረት ሲቆፍር፣ የጥንት የሮማ ነገሥታት ያስመቱት ወርቅ አልፎ አልፎ ይወጣል፤ አገሬው «የሩም ዲናር» ይለዋል። አሮጊቶች አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ሰብሳቢዎችም ፍለጋ ከሩቅ ይመጣሉ። እውነተኛውን ከአስመሳዩ የሚለዩት፣ ዋጋውንም የሚቆርጡት ሐጂ ነበሩ።

ረውዳ ልጅ ሳለች ከቁርአን ቤት ስትመለስ ከሱቃቸው ደጃፍ ትቀመጥ ነበር። ዓይናፋር ናትና አትጠይቅም፤ እርሳቸውም ሳትጠይቅ ያስተምሯታል። በመስጊዱ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው የአስር ሰዓት ፀሐይ፣ የሚዛኗ ሰንሰለት ቅጭልታ፣ የሐጂ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ዛሬም ድረስ ይናፍቋታል።

«የንጉሡን ፊት አትመልከቺ» ይሏታል። «ፊት ማንም ይቀርጻል። ጠርዙን ዳብሺ። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሐሰተኛ ጠርዙ ላይ መስመር ይተዋል፤ አታላዩ በሞረድ ቢያጠፋውም ጣት ያገኘዋል።»

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ዲናሯን ከአንገቷ ፈትታ ብታመጣ፣ እዚያ የነበረው ሰብሳቢ ፊቱን አጨማደደ። «የተበሳ ነው። የተበሳ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሚዛን ላይም አላወጣውም።»

ሐጂ ሳቅ ብለው ዲናሩን ለሴትዮዋ መለሱላት። «ለእርሱ ተበላሽቷል፤ ለአንገትሽ ግን ገና አሁን መሙላቱ ነው።»

ረውዳ አድጋ፣ ተምራ፣ አስተማሪ ሆነች። ሙዘይን የሚባል በቅሎ ነጂ አጫት። ልቧ ወዶታል፤ አጎቷ ሸምሰዲን ግን ሀብታም አስቦላት ነበርና ደስ አላለውም። ሙዘይን በቅሎዎቹን ሸጦ ከባሕሩ ዳር ገበያ አንድ የሩም ዲናር ገዛና ለመህር፣ ለሙሽሪት ለሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ፣ አቀረበው።

በኒካሑ፣ በጋብቻው ውል ቀን ዲናሩ ለሐጂ ተሰጠ።

«ይመዝኑትና ጮክ ብለው ይንገሩን» አለ ሸምሰዲን። «የበቅሎ ነጂ ወርቅ ስንት እንደሚከብድ የተሰበሰበው ጀመዓ ይስማ።» አንዳንዱ ሳቀ።

«ይመዝኑት፣ ሐጂ» አለ ሙዘይን ደረቱን ነፍቶ። «እኔ ምን አስፈራኝ?»

ረውዳ ከሴቶቹ ጋር ሆና በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች። ሐጂ ጀርባቸውን ለጀመዓው ሰጥተው ከአባታቸው የወረሱትን፣ በእውነተኛ ዲናር ልክ የተሠራውን የእርሳስ መመዘኛ በሚዛኑ ባንዱ በኩል፣ ዲናሩን በሌላው አኖሩ። የዲናሩ ወገን ቀልሎ ወደ ላይ ተነሳ። ከዚያ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አዞሩ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ጣታቸው ቆመ። ምን እንዳገኙ ረውዳ ገባት።

ኒካሑን የሚያስሩት ቃዲ ከመጋረጃው አጠገብ ነበሩና ሹክሹክታቸውን ሰማች። «ሐጂ፣ ለማስታረቅ ሲሆን ውሸት ይፈቀዳል።»

«ማን ተጣላ?» አሉ ሐጂ። ተነሱና ወደ ጀመዓው ዞሩ። «መህር የሙሽራዋ ሐቅ ነው። የማየውን የምናገረው ለባለ ሐቋ ለእርሷ ነው።»

«እኛስ ታዲያ ለምን ተሰበሰብን?» አለ ሸምሰዲን።

«ምሳ ልትበሉ።»

ሴቶቹ ፈንጠር ብለው እንዲቆሙ ተደረገ። ሐጂ ዲናሩን በመጋረጃው ሥር አሳልፈው ሰጧትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ በወርቅ የተለበጠ መዳብ ነው።»

ረውዳ ጠርዙን ዳበሰችው። መስመሩ አለ።

«እርሱ ያውቃል?» አለች በጭንቅ።

«ልቡን የሚያውቀው አላህ ነው። ፊቱን ግን አይቼዋለሁ፤ የተታለለ እንጂ ያታለለ ሰው ፊት አይደለም። ብትመልሺው ሐቅሽ ነው፤ ማንም አይወቅስሽም።»

ዝም አለች። ከወዲያ ሙዘይን ከአንድ ሰው ጋር ሲስቅ ይሰማል።

«የልጃገረድ ዝምታ ለኒካሕ ፈቃድ ነው» አሉ ሐጂ። «ለዚህ ግን ዝምታሽን አልቀበልም። ከአፍሽ ልስማው።»

በሕይወቷ እንደዚያ ቀን መናገር ከብዷት አያውቅም። «የብረት ቀለበትም መህር ይሆናል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አውቄ፣ ወድጄ ተቀብያለሁ። ለእርሱ ግን እንዳይነግሩብኝ።»

«ባረከላሁ ፊኪ፣ አላህ ይባርክሽ» አሉና ወደ ሰዎቹ ተመለሱ። «እውነቱን ለባለ ሐቋ ነግሬያታለሁ፤ ወድዳ ተቀብላለች። ኒካሑን እሰሩ።»

ሸምሰዲን እጃቸውን ያዘ። «ከባድ ነው ቀላል? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሐጂ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ። «እውነት አማና፣ አደራ ናት። አማና የሚመለሰው ለባለቤቱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዲናር እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ብዙዎቻችን እውነትን የምንለካው በጩኸቷ ነው፤ በአደባባይ ካልተነገረች የተደበቀች ይመስለናል። ሐጂ ዙበይር ግን አማና በሁለት መንገድ እንደሚበላ ያውቁ ነበር፤ ከባለቤቱ በመሸሸግም፣ ባለቤት ላልሆነ በመበተንም። ዋሽተው ቢሆን ረውዳን ሐቋን በነፈጓት፤ ጮኸው ቢሆን አንድ ምስኪን በሠርጉ ቀን በተዋረደ። በሁለቱ መካከል ያለችው መንገድ ቀጭን ናት፤ እርሳቸው ግን ሄዱባት፤ ምርጫውንም ለባለ ሐቋ ትተው ወጡ።

ረውዳም መረጠች። በማግስቱ ጠዋት፣ ሱብሒ ሰግዳ ስታበቃ፣ ወስፌና ድንጋይ አመጣችና ዲናሩን ከንጉሡ ራስ በላይ በሳችው። በቀዳዳው ውስጥ የመዳቡ ቅላት ታየ። ወፍራም ጥቁር የሐር ክር አሳልፋ ሸፈነችውና አንገቷ ላይ አሰረችው።

ሙዘይን ከመስጊድ ሲመለስ አይቶ ደነገጠ። «ምነው በሳሽው? ከእንግዲህ እኮ ማንም ሚዛን ላይ አያወጣውም።»

«አያወጣውም» አለች ረውዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች።